በወንዝ ዳሩ ካምፕ የነገርኩት መርዶ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ልጆቹ የምላቸው የልጄን ልጆች ናሆምንና ሊያን ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ሊንውድ ነው የምንኖረው፤ እነሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ያለችው ክፍል ውስጥ። ሰሞኑን ለእረፍታቸው አርቪ ተከራይተው መጡና ደጃፉ ላይ ገተሩት። አርቪ ለማያውቅ ሰው፣ አልጋውም ምድጃውም ሽንት ቤቱም በውስጡ ያለ፣ መኪና የሆነ ቤት ነው። ናሆም ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ "ግራንማ፣ አንቺ ይሄን ሥራ ሠርተሽው የለ? ሶ ንገሪን፣ ምን ምን እናድርግ?" አለኝ።

ደስ ብሎኝ ከሥር ከመሠረቱ ልጀምርለት ስል፣ "ኖ ኖ፣ ጀስት ቲፕስ" አለ፤ ምክር ምክሩን ብቻ ማለቱ ነው። ሊያ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና፣ "አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ኦኬ?" አለችኝ።

የሰው ዕድሜ በአንድ ደቂቃ! ኤጭ! "ተዉት፣ እጽፈዋለሁ፣ ታነቡታላችሁ" አልኳቸው፤ አማርኛ እንደማያነቡ ረስቼ። እንግዲህ እናታቸው ታንብብላቸው። እኔም ብሆን የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን ስሠራ ውዬ ማታ ማታ እያንቀላፋሁ ነው። የጎደለውን እያሟላችሁ አንብቡ።

ሥራውን የጀመርኩት ሲያትል ውስጥ፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር ነው። ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ አርቪ የሚያከራይ ድርጅት ግቢ ነበር። ሰው ተከራይቶ፣ አገር ዞሮበት የመለሰውን እኔ አጸዳለሁ። ደሞዙ እንደ ማንኛውም ጽዳት ነው፣ ስለሱ የሚወራ የለም። የሚወራው ስለሚመለሰው ነገር ነው። በስመ አብ! ምድጃ ውስጥ ካልሲ የሚያደርቅ አለ። ትራሱን ቀዶ ላባውን ለምን እንደበተነው የማይታወቅ አለ። አንዱማ ነፍሱ ያልወጣች ሸርጣን ፍሪጅ ውስጥ ትቶልኝ ሄደ። አለቃዬ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የማይጠፋ ልጅ ነበር፤ ሸርጣኑን አንጠልጥዬ ባሳየው "ኦሳም!"፣ ግሩም ማለቱ ነው፣ ብሎኝ አለፈ። ምን ላድርገው? በባልዲ ይዤው በአውቶቡስ እስከ ባሕሩ ወሰድኩት። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

እዚያ ግቢ መኪኖቹን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅሱት እትዬ ለተብርሃን ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ለቴ ነው የምንላቸው። ወላጆቻቸው ከአስመራ ናቸው፤ እሳቸው ግን ያደጉት አዲስ አበባ፣ አባታቸው ጋራዥ ውስጥ ክሪክና ካቻቪቴ እያቀበሉ ነው። በጣም አጭር ናቸው። መሪው ላይ ሲቀመጡ ከውጭ የሚታየው የሻሻቸው ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ መኪና ሰው ሳይነዳው የሚሄድ ይመስላል። ስንቱ መንገደኛ ደንግጦ አማትቧል።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም። መኪና ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ዙሪያውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይዞሩታል፤ የነኩትን ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። "ደረጃ ገብቷል። ገመድ ተነቅሏል። ቱቦ ተጠቅልሏል። ታኮ ተነስቷል።" ታኮ መኪናው እንዳይንከባለል ጎማው ሥር የምትወተፈው እንጨት ናት። "ለምን ዝም ብለው አያዩትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። "ዓይኔማ ያላየውን አየሁ ብሎኝ ያውቃል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም በእጄ ነው።

የቆሻሻ ውሃ አለቃቀቁንም እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። ታንኩ ሁለት ነው፤ አንዱ የሽንት ቤቱ፣ አንዱ የሳህንና የገላ መታጠቢያው። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ትለቃላችሁ፣ ከዚያ የሳህኑን። የሳህኑ ውሃ ሲወጣ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይሄዳል። ገልብጦ የሠራ ሰው ቱቦውን ሲጠቀልል እግዜር ይሁነው። ደግሞ አንድ ቦታ ስትሰነብቱ የሽንት ቤቱን መክፈቻ ከፍታችሁ እንዳትተዉት። ውሃው ሾልኮ ይሄድና ሌላው እዚያው ተቆልሎ ሲሚንቶ ይሆናል። ናሆምዬ፣ ቲፕስ ያልከኝ ይኸው። የቀረው ታሪክ ስለሆነ ካልፈለግህ እዚህ ጋ ማቆም ትችላለህ።

ባለቤቴ አርፎ፣ ትንሿ ልጄ ካገባች በኋላ ነው ከግቢው የወጣሁት። እትዬ ለቴ ድርጅቱ ያረጀ ብሎ ያወጣውን አንድ አርቪ ገዙ፤ የሚኖሩበትንም አፓርታማ ለቀቁ። "የካምፕ አስተናጋጅ ልሆን ነው" አሉኝ። ካምፕ የሚሉት ባለ አርቪዎች የሚያድሩበት፣ መብራትና ውሃ የተዘረጋለት ሜዳ ነው። አስተናጋጅ እዚያው በነጻ እየኖረ እንግዳ ይቀበላል፣ መታጠቢያ ቤት ያጸዳል፣ ሰው ሲጣላ ይገላግላል።

"ትመጫለሽ ወይስ የልጅ ልጅ ስታዝይ ልትኖሪ ነው?" አሉኝ።

"ማዘሉንስ ማን ይከለክለኛል፣ ክረምት ክረምት እመለሳለሁ" አልኩና ሄድኩ።

መጀመሪያ ውቅያኖሱ ዳር ተመደብን። ዝናብ! እዚያ የሚዘንበው ከላይ ወደ ታች አይደለም፣ ከጎን ነው። እንግዳው ዝናቡን እኔ ያዘዝኩት ይመስል እየመጣ፣ "መቼ ነው የሚያባራው?" ይለኛል። ቀጥሎ ተራራውን ተሻግረን ወደ ዌናቺ በኩል ወረድን፤ ፖም አገር ነው፣ ሐሩር። እዚያ ደግሞ፣ "ጥላ ያለበት ቦታ ስጪኝ።" ልቆርጥልህ ነው ዛፉን? አንዱ ውሻውን ሰው ሳህን በሚያጥብበት ገንዳ ሲያጥብ ደረስኩና "ኧረ ተው!" ብለው፣ "እሷም የቤተሰብ አባል ናት" አለኝ። የቤተሰብ አባልማ ገላዋን ትታጠብ፣ ማን ሳህን ላይ ታጠቢ አላት?

ግን ከተሞቹን እወዳቸው ነበር። አዲስ ቦታ በደረስን ማግስት እትዬ ለቴ ቆሻሻ ልብሳችንን ይይዙና ወደ ከተማው ላውንድሪ ይወስዱኛል። ሌላው ሰው ሙዚየም ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። እሳቸው ልብስ ማጠቢያው ፊት ቁጭ ብለው የከተማውን ሰው ያያሉ። ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን እንደወለደች፣ የትኛው ፋብሪካ እንደተዘጋ ከሚሽከረከረው ልብስ ያውቁታል። "ይቺ ከተማ የወንድ ቱታ የላትም" ካሉ፣ ሥራ የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ የታጠበውን እያጣጠፍኩ ከማላውቃት ሴት ጋር ወሬ እጀምራለሁ። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከላውንድሪ ነው፤ ለዚህ ነው ስለ እድፍ ስናገር የማይቸግረኝ።

በመጨረሻ የተመደብንበት ከተራራው ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ያለ ካምፕ ነው። አለቃችን ዳግ ይባላል፤ በትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ እየዞረ የሁሉን ሰው ጎማ ከመስመሩ እንዳያልፍ ይለካል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ከደንብ ጋር ያጣላን ደግሞ የራሳችን ወገን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሲያትል ለማኅበር ብለው መጡ። ለስምንት ሰው በተፈቀደ ቦታ ላይ መኪና በመኪና ላይ ይወርዳል፤ ድስቱ፣ ሕጻኑ፣ ከበሮው።

"እባካችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ስምንት ሰው ነው" አልኩ።

"እማማ፣ እርስዎማ የኛ ነዎት! የሚቆጥሩን እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለኝ አንዱ እየሳቀ፤ ጉልበቴን ስሞ ወንበር አመጣልኝ። ምን ልበለው? ዳግ በጋሪው ሲደርስ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ፣ እጄ ላይ ሳህን ነበር። በማግስቱ ጠርቶን፣ "አንድ ስህተት ከተደገመ ቦታውን ትለቃላችሁ" አለን። እኔ ብለቅ የልጆቼ ቤት አለኝ። እትዬ ለቴ ግን አፓርታማቸውን ለቀዋል። ቤታቸው ያ አሮጌ አርቪ ነው፣ ደጃቸው ያ ካምፕ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ሰብስቤ ነበር የምሠራው።

እዚያ ካምፕ በየበጋው የሚመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ካሮልና ጂም። ካሮል ወዳጄ ሆነች። ሥራ በማይኖረኝ ቀን በመኪናቸው እየወሰደችኝ በአካባቢው ያሉትን ትንንሽ ከተሞች አንድ በአንድ ዞርናቸው። የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ካየች አታልፍም፤ የምትፈልገው ደግሞ በራድ ነው። የሻይ በራድ! ጂም ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ካሮል፣ እኛ የምንኖረው መኪና ውስጥ ነው። በራዱ ይቀመጥ እኛ እንውጣ?" ይላታል። እሷም አገላብጣ፣ ክዳኑን ከፍታ አይታ፣ እያዘነች ትመልሰዋለች። እኔ ልግዛልሽ ስላት፣ "አይሆንም፣ ጂም ራሱ እስኪገዛልኝ ነው የምጠብቀው" ትላለች።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። በጋው ሊያልቅ ነው፤ የሰደድ እሳቱ ጭስ ከተራራው ወዲያ ይታያል፣ አየሩ ይከብዳል። ካሮልና ጂም ጠዋት ወደ ከተማ ወርደዋል። እኔ የካምፑ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ካምፑ ውስጥ ኔትዎርክ የሚባል ስለሌለ፣ ሰው ሲቸግረው የሚደውለው ወደ ቢሮው ስልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ጮኸ። የካሮል የእህቷ ልጅ ናት። "የጂም ስልክ ላይ መልእክት ትቼ ነበር፣ አልመለሰልኝም" አለችኝ። "እባክሽ ለአክስቴ ንገሪልኝ። እናቴ ዛሬ ጠዋት ሞተች።"

እንዲህ፣ በአንድ ትንፋሽ! ለማታውቃት ሴት፣ በስልክ! ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

ካሮልና ጂም ሊመሽ ሲል መጡ። ልነግራት ነው የሄድኩት፣ እውነቴን ነው። ካሮል ከመኪናው ወርዳ እየሳቀች ተቀበለችኝ። ጂም ከኋላዋ ትልቅ ሰማያዊ በራድ ታቅፏል። "ተመልከቺ፣ አስካለ! ገዛልኝ! ራሱ ነው የገዛልኝ!" ትላለች። እኔም "ያምራል" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

መርዶ በኛ አገር ሲመሽ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ያውም ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው ባለበት። ለዚያ ነው ጂምን ፈልጌ ወደ ውሃው ቧንቧ የሄድኩት። ባልየው ይወቅ፣ አብረን እንመካከር ብዬ።

"ጂም፣ አንድ ነገር ልነግርህ—"

"ነገ፣ አስካለ" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

"ነገሩ ከበድ ያለ ነው።"

"ገብቶኛል። ነገ ጠዋት። ዛሬ አይሆንም።"

የመብራት መቆራረጥ ላወራው የመጣሁ መሰለው ብዬ በጣም ተናደድኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ለአንድ ቃል ጊዜ የሌለው? እየተበሳጨሁ ወደ እትዬ ለቴ ተመለስኩና ነገርኳቸው።

"ለባልየው ነገርሽው?"

"አላስወራኝም።"

"በይ እንግዲያው ይንጋ፣ ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አሁን ብንነግራት ይሄን ሌሊት ማን ይይዛታል? ሰው እንሰብስብ።"

ሰበሰብን። ከጎናቸው ያረፉትን ባልና ሚስት፣ ማዶ ያለውን ባለ ብዙ ውሻ ሽማግሌ፣ "ጠዋት በጊዜ ኑልን፣ ካሮልን ሐዘን አግኝቷታል፣ እህቷ አርፋለች፣ ብቻዋን አትሁን" አልናቸው። ግራ ቢገባቸውም እሺ አሉ።

ሊነጋጋ ሲል እኔና እትዬ ለቴ ነጠላችንን ለሐዘን አዘቅዝቀን፣ ሰዎቹን አስከትለን በራቸው ላይ ቆምን። ካሮል በሌሊት ልብሷ በሩን ከፈተች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ዓይኗ ወደ ተራራው ሄደ። "እሳቱ መጣ? እንውጣ?"

"የለም፣ እሳት አይደለም" አልኩ። "ካሮልዬ፣ እህትሽ ትንሽ አሟት ነበር..." እኛ እንዲህ ነው የምንጀምረው፤ ቀስ እያልን ነው የምናደርሰው።

"አሟት? ምን ሆነች? ልደውል!"

"ቆይ፣ ትንሽ ቁጭ በይ—"

ያ ባለ ውሻ ሽማግሌ፣ አፉን ይዝጋውና፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ "በእህትሽ ሞት በጣም አዝናለሁ" አላት። ጠቅላላ ነገሬን አፈረሰው!

ካሮል አልጮኸችም። የበሩን እጀታ ይዛ፣ "መቼ ነው የተደወለው?" አለችኝ።

"ትላንት፣ ከሰዓት።"

"ትላንት።" ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። "እነዚህ ሰዎች ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር? አስካለ፣ አንቺ ትላንት ቆመሽ በራዴን አድንቀሽልኛል።"

ጂም ከኋላዋ ቆሟል። የሚያየው የገዛ እግሩን ነው።

ያች የእህቷ ልጅ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ይሄን ካሮል ናት ኋላ፣ ዕቃቸውን እየጫኑ ሳለ የነገረችኝ። እኔ እዚህ ላለችው ሳስብ፣ እዚያ ስላለችው ማን አሰበ? ግን ያን ምሽት እንደገና ቢሰጠኝ፣ ከመሸ እነግራታለሁ ወይ? ልጆቼ ሁሉም "ማሚ፣ ወዲያው መንገር ነበረብሽ" ይሉኛል። እነሱ ካሮልን ከነበራዱ አላዩአት።

ካሮል ከመሄዷ በፊት ለዳግ ተናገረች። እሱም ጠራን። "አስቸኳይ መልእክት ወዲያውኑ ይደርሳል፤ የሰው ጉዳይም ለጎረቤት አይነገርም" አለ። ስለ መርዶ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ "ገብቶኛል፣ ግን ደንቡ ይሄ ነው" አለ። ገብቶኛል የሚለኝ ሰው በዛብኝ!

እትዬ ለቴ አንድም ቀን ያንቺ ጥፋት ነው አላሉኝም። የምንለቅ ዕለት እንደ ልማዳቸው መኪናውን እየዳሰሱ ዞሩት። "ደረጃ ገብቷል። ገመድ ተነቅሏል። ቱቦ ተጠቅልሏል። ታኮ ተነስቷል።" መጨረሻ ላይ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ትከሻዬን ነኩና፣ "አስካለ ተሳፍራለች" አሉ። መኪናውን ሲያትል ስንደርስ ሸጡት። እዚሁ አቅራቢያችን ማውንትሌክ ቴራስ፣ የወንድማቸው ልጅ ጋ ገቡ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው በመንገዱ የሚያልፈውን አርቪ ሁሉ "ይሄኛው ጎማው ለስልሷል፣ ያኛው ደረጃውን ረስቷል" እያሉ ኖረው፣ እዚያው አረፉ። በዚያ አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ቢያርፉ ይወዱ ነበር። ይሄ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ከዚያ ስንት ዓመት አለፈ። አምና በአንዱ ጠዋት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ሊያ እየተነጫነጨች ወደ ክፍሌ ወረደች። "ግራንማ፣ የሆነች ሴትዮ በር ላይ አለች። አርቪ ይዛ። የጎረቤቱን መውጫ ዘግታለች።"

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ካሮል ናት። ሸብታለች፣ ኮስሳለች። አጠገቧ ክንዷን የያዘች አንዲት ሴት አለች፤ ጎረቤቷ ኖራለች። መኪናው ያ የድሮው ነው፤ የኛ መንገድ ቁልቁለት ሆኖ ሳለ ጎማው ሥር ምንም የለም! ያን ሁሉ ዓመት አርቪ ይዞ ኖሮ እንዲህ ያቆማል? ሰላም ከማለቴ በፊት ከአትክልቱ ጥግ ድንጋይ አምጥቼ ወተፍኩላት።

"ታኮ፣ ካሮል! ታኮ!"

"እሱ ነበር የሚያደርገው" አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ፣ "አስካለ፣ ጂም ትንሽ አሞት ነበር" አለች።

በዚህ ሰዓት ለምን እንደመጣች፣ ሰው ይዛ ለምን እንደመጣች ያኔ ገባኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ አለቀስን። ሊያ ምን እንደሆነ ሳይገባት ሻል አምጥታ ለሁለታችንም ደረበችልን።

ስንረጋጋ ነው የነገረችኝ። ጂም ሊሞት ሲል ተናዞላታል። ያን ቀን በከተማው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩ ኔትዎርክ አገኘና፣ የእህቷን ልጅ መልእክት አዳመጠ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ካሮል ሰማያዊውን በራድ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች። ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ገባና ገዛላት።